ሰማዩን የቀደደው መምህር

ደሴ ላይ ለሰው ስም ለማውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። መምህር ወንድምአገኘሁም "ኦዞን" የተባለው በአንድ ቀን ነው። ጠዋት በሬዲዮ ተናገረ፤ ከሰዓት በኋላ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለባጃጆች "ኦዞን! ና ግባ፣ ፀሐይ እንዳይመታህ!" እያሉ ይጠሩት ጀመር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እሱም አልከፋውም። ጎልማሳነቱን ሁሉ የጠመኔ ብናኝ ሲውጥ የኖረ የፊዚክስ መምህር፣ ተማሪዎቹ እንኳ የአባቱን ስም የማያውቁለት ሰው፣ ድንገት አገር ሲያውቀው ምን ይከፋዋል? ይልቅ ደረቱን ነፋ አድርጎ መሄድ ጀመረ።

ወንድምአገኘሁ የሐርቡ ልጅ ነው። አባቱ ክርስቲያን፣ እናቱ ሙስሊም ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ ይህን እንደ ጉድ የሚያወራው እንግዳ ብቻ ነው። እናቱ ገና ነፍስ ሳያውቅ ሞተችበትና ታናሽ እህቷ ራሂማ አሳደገችው። እሑድ እሑድ አጥባ ቤተ ክርስቲያን የምትሰደው እሷ፣ በአረፋ አዲስ ልብስ የምታለብሰውም እሷ። ስሙ ሲረዝምባት "ወንድሜ" ብላ አሳጠረችው፤ ቤቱም ጎረቤቱም በዚያው ያዘው። አክስቴ ይላታል እንጂ እናቱ ናት።

ራሂማ ተስፋ ከቆረጠች ወዲያ አንዲት ልጅ ወለደች፤ ነጂባን። ነጂባ ስትወለድ ፀጉሯም ቆዳዋም ነጭ ነበር። ሐኪሞች አልቢኒዝም ይሉታል፤ ቆዳዋ ቀለም አያበጅም፣ ዓይኗም ከብርሃን ጋር አይስማማም። የሐርቡ ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ራሂማ ልጇን እንደ ቅቤ ከጥላ ጥላ እያዘዋወረች አሳደገቻት፤ ትምህርት ቤትም አልሰድም ብላ ነበር። ያኔ ከደሴ ወርዶ የተሟገተላት ወንድምአገኘሁ ነው። ሰፊ ባርኔጣ ገዛላት፣ እጅጌው ረጅም ልብስ አሰፋላት፣ ጠዋት በየትኛው ወገን ከሰዓት በየትኛው ወገን ጥላ እንዳለ አብሯት እየሄደ አሳያት። መምህሯንም ለምኖ ከሰሌዳው ሥር አስቀመጣት።

"አክስቴ፣ ፀሐይ ጠላት አይደለችም፤ ዘዴዋን ማወቅ ነው" አላት።

"አንተ ካልክ" አለች ራሂማ።

እንዲህ ሆኖ ነጂባ፣ ዘግይታ ብትጀምርም፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና አለባት። ካለፈች ዘጠነኛን ደሴ እሱ ቤት ሆና ልትማር ነው የታሰበው። ደሴ ብርዱም ጉሙም የበዛ ነው፤ ሌላው የሚያማርርበት አየር ለእሷ መድኃኒት ነው። ነጂባ ስለዚህ ነገር ስታወራ ደሴን እንደ ገነት ነበር የምታነሳት።

ይህን እዚህ ላይ እናቆየውና ወደ ሰማዩ እንውጣ።

ወንድምአገኘሁ ካረፈደ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመረ። የጥናት ርዕሱ ኦዞን ነው። ኦዞን ደመና ከሚደርስበት በላይ ያለ ጋዝ ነው፤ የፀሐይን ክፉ ጨረር ውጦ የሚያስቀርልን እሱ ነው። ከላይ እስከ ታች ያለው ሁሉ ተሰብስቦ መሬት ላይ ቢነጠፍ ከስስ ቂጣ አይወፍርም። ይህችን ቂጣ የሚለካ ሳተላይት በየቀኑ ከቀትር በኋላ በወሎ ሰማይ ላይ ያልፋል። ከምድርና ከአየር ተመልሶ ወደ ላይ የሚወጣውን የፀሐይ ብርሃን ቁልቁል ያያል፤ ኦዞን የሚውጠውን ጨረርና የማይነካውን ጨረር ያስተያያል፤ የሚዋጠው ምን ያህል እንደጎደለ አይቶ ኦዞኑ ይህን ያህል ነው ይላል። የወንድምአገኘሁ ሥራ ሳተላይቱ ከላይ የሚለውን እሱ ከታች ከሚለካው ጋር ማስተያየት ነበር።

አማካሪው ዶክተር ጣሀ፣ ኮምቦልቻ የሚያስተምር ትዕግሥተኛ ሰው፣ በእጅ የሚያዝ መለኪያ አዋሰው። መሣሪያው ፀሐይ ላይ ሲያነጣጥሩት ብርሃኗን ይለካል፤ ከዚያ ሰዓቱን ያይና ፀሐይ በዚያ ሰዓት ምን ያህል ከፍ እንዳለች ያሰላል። ይህ የግድ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ አየሩን አግድም ሰንጥቆ ስለሚመጣ ብዙ ኦዞን ያቋርጣል፤ ከአናት ስትሆን ግን በአጭር መንገድ ይወርዳል። ሰዓቱን የማያውቅ መሣሪያ መንገዱንም አያውቅም።

ወንድምአገኘሁ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ክፍል ሲለቅ፣ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ቆሞ ይለካ ነበር። የመጀመሪያው ሰሞን የሱ ቁጥርና የሳተላይቱ ቁጥር ተስማሙ። ከዚያ የመሣሪያው ባትሪ አለቀ። አዲስ ከተተ፤ መሣሪያው ሰዓት ሙላ ሲለው የእጅ ሰዓቱን አይቶ ሞላ። በማግስቱ ሲለካ የኦዞኑ ሲሶ የለም። በሚቀጥለውም ቀን የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን "መሣሪያዬን ምን ነካው?" ይል ነበር። ሳተላይቱ እኮ ምንም አልጎደለም እያለ ነው። ወንድምአገኘሁ ግን አገር ሊያድን ነው። "ሳተላይቱ ከሩቅ ነው የሚያየው፤ የጦሳን ተራራም ገደሉንም ደርቦ በአንድ ዓይን ያያል። እኔ ከሥሩ ቆሜ ነው የለካሁት" አለ። ለዶክተር ጣሀ ሲደውል "አትቸኩል፤ ፋይሉን ላክልኝና አብረን እንየው" ተባለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እየተባለ በሚተረትበት አገር፣ ፋይሉን ሳይልክ ሬዲዮ ጣቢያ ሄደ።

"በአካባቢያችን ያለው ኦዞን በአሳሳቢ ሁኔታ ሳስቷል" አለ በሬዲዮ።

"ማለት ቀዳዳ አለው?" አለችው ጋዜጠኛዋ።

አሰብ አደረገ። ሳሳ ማለት ሌላ፣ ተቀደደ ማለት ሌላ እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። "አዎ፣ ቀዳዳ ልንለው እንችላለን" አለ፤ ቃሉም ከአፉ ሲወጣ ጣፈጠው።

ሰው ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ የያዘው ቀዳዳውን ነው። እስከ ምሳ ሰማይ ደሴ ላይ ተቀደደ፤ እስከ ማታ ቀዳዳው ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። የፋብሪካ ሠራተኞች ከፈረቃ ሲወጡ ካርቶን በራሳቸው ላይ ይዘው ታዩ። ጃንጥላ ከየሱቁ ጠፋ። ወንድምአገኘሁ ይህን ሲሰማ ሕዝቡ ነቃ ብሎ ደስ አለው።

ራሂማ ሐርቡ ሆና ሰማችው። የልጇን ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ እልል አለች። ቀጥላ ነጂባን ከደጅ ጠርታ አስገባችና በሩን ዘጋች። ከዚያ ደወለች።

"ወንድሜ፣ ቀዳዳው እኛ ዘንድ ይደርሳል?"

"ለነጂባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል አክስቴ። ለጊዜው ባትወጣ" አላት፤ ድምፁ የሬዲዮ ድምፅ ነበር።

ነጂባ ስልኩን ከእናቷ እጅ ነጠቀች። "ወንድሜ፣ ፈተናዬስ?"

"እሱን እናየዋለን" አላት። ነጂባ እሱ እስኪያየው ድረስ ቤት ውስጥ ተቀመጠች፤ ራሂማም የመስኮቱን ቀዳዳ ሳይቀር በጨርቅ ወተፈችው።

ሰኔ በገባ ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ ዶክተር ጣሀ ኮምቦልቻ ቢሮው ጠራው። በመጨረሻ የተላከለትን ፋይል ከፍቶ እያየ ነበር።

"ስንት ሰዓት ላይ ነው የለካኸው?"

"ስምንት ተኩል።"

"ጠዋት?"

"ኧረ ከሰዓት! ጠዋትማ ክፍል ውስጥ ነኝ።"

ዶክተር ጣሀ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረና በጣቱ አንድ ቦታ ነካ። "መሣሪያህ ግን ጠዋት ነው ይላል። ፀሐይ ገና ወጣ እያለች ነው ይላል።"

ወንድምአገኘሁ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። የእጅ ሰዓቱ እንደ አገሬው ከንጋት ይቆጥራል፤ መሣሪያው የፈረንጅ ነው፣ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። ስምንት ተኩል ብሎ ሲሞላው መሣሪያው የገባው የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ ከላይ ሆና እየወረደ ያለውን ብርሃን፣ ዝቅ ብላ በረጅሙ መንገድ የላከችው መሰለው። በዚያ ሁሉ መንገድ ያገኘሁት ኦዞን ይህ ብቻ ከሆነማ ኦዞኑ አልቋል ብሎ ደመደመ። መሣሪያው የነገሩትን አመነ እንጂ አልዋሸም። ሳተላይቱም ከመጀመሪያው ትክክል ነበር። የእኛና የፈረንጅ ሰዓት በስድስት እንደሚለያይ ደግሞ ወንድምአገኘሁ ራሱ በየዓመቱ መስከረም ለአዲስ ተማሪዎች ያስተምራል።

ዶክተር ጣሀ ሊያቀልለት ፈለገ። "አብሽር፣ በማንም ይደርሳል። እዚህ ጋ 'ኦዞኑ ሳስቷል' ብለህ የለ? ከ'ሳስቷል' ፊት አንዲት 'ተ' ጨምርበትና ስለ ራስህ አድርገው፤ ይስተካከላል።" ራሱ ሳቀ፤ ወንድምአገኘሁ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጆሮው ድረስ ጋለ። ሲወጣ ዶክተሩ "ሬዲዮው ላይ የተናገርከውን ግን ቶሎ አርም" አለው፤ "እሺ" አለ፤ ማለት ብቻ አለ።

ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ አንዱ አወቀውና "ኦዞን! ቀዳዳው እንዴት ሆነ?" አለው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። አሁን ቢናገር አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይስቅበታል፤ እስከ ማታ ደሴ፣ እስከ ነገ ወሎ ይስቅበታል። "በክትትል ላይ ነው" አለ።

ሐፍረት ሰውን ወደ እውነት ይመራዋል የሚሉ ሰዎች አፍረው የማያውቁ ናቸው። ወንድምአገኘሁን ሐፍረት የመራው ወደ አልጋው ነው። ዓርብ ሬዲዮ ጣቢያው በር ድረስ ሄዶ፣ ያችን ጋዜጠኛ በመስኮት አይቶ፣ ተመለሰ። ኋላ በርግጥ ሄዶ አርሟል፤ ቀዳዳውን የሰማ ሕዝብ ግን እርማቱን አልሰማም። ለጊዜው ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያ "ቀዳዳ" ያለበት ድምፅ በጆሮው ሲያቃጭል ዋለ።

ቅዳሜ ስልኩ ጠራ። ስክሪኑ ላይ "አክስቴ" ይላል። የነጂባ ፈተና ሰኞ ይጀመራል፤ ራሂማ ለምን እንደምትደውል ያውቃል። አንድ ቃል ነው የሚፈለግበት፤ "ልቀቂያት" ቢል ያበቃል። ግን "ልቀቂያት" ሲል "ቀዳዳውስ?" ትለዋለች፤ ቀዳዳው የለም ሲል "እንዴት?" ትለዋለች። እሷ ናት እንግዲህ፤ ሬዲዮውን ለጎረቤት ሁሉ ከፍ አድርጋ ያሰማችው፤ "ልጄ ነው" ያለችው። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ደግሞ ጠራ። ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ለራሱ "ለፈተናማ ትለቃታለች፤ ይህን ያህል ሞኝ አይደለችም" አለ። አላመነውም፤ ግን አለው።

ፈተናው ሰኞና ማክሰኞ ተሰጠ። ረቡዕ ራሱ ደወለ።

"ወንድሜ! ደህና ነህ? ወላሂ ስንቴ ደወልኩልህ፤ ሥራ ላይ ነው አልን።"

"አክስቴ… ነጂባ ተፈተነች?"

"የት ብላ?" አለች ራሂማ፣ የጠየቃት ነገር አስገርሟት። "አንተን ሳልጠይቅ የት እሰዳታለሁ?"

ራሂማ ቀጠለች፤ ዓርብ ቤቷ ወዳጃ አለ፤ ከዚያ ከሬዲዮው ወዲህ ሰፈሩ ዓርብ ዓርብ እየተሰበሰበ ስለ ሰማዩ ዱዓ ያደርጋል፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ መሕሙድም መምህሩ ራሱ ይምጣልን ብለዋል። እመጣለሁ አላት። ዓርብ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ሐርቡ ወረደ፤ ሹራቡን አውልቆ በክንዱ ይዞ፣ የሚለውን ነገር በልቡ እየደጋገመ።

የራሂማ ግቢ ዳስ ተጥሎበት ሰው ሞልቶ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም አለ፤ ሰማይ የጋራ ነው። ሲገባ ሁሉም ብድግ አለለት። ከሐጂ መሕሙድ ጎን አስቀመጡት። ነጂባን ፈለጋት፤ ከቤቱ በር ወደ ውስጥ፣ ብርሃኑ በማይደርስበት፣ ቆማ ታያለች። ከስታለች።

"እህ መምህር፣ ኸይር ነው?" አሉ ሐጂ። "ያ የሰማይ ነገር ከምን ደረሰ?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ሐጂ፣ ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ሰማዩ ምንም አልሆነም። ቀዳዳ የለም።"

የቀረውን የሚሰማው አላገኘም። "አልሐምዱሊላህ!" የሚለው ድምፅ ዳሱን ነቀነቀው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ራሂማ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አለቀሰች። ሐጂ መሕሙድ ፂማቸውን ዳሰስ አደረጉና "ሰማይ ቢቀደድ ሽማግሌ ይሰፋዋል ሲባል አልሰማችሁም? ይኸው ተሰፋ! ዱዓችን ደረሰ!" አሉ። ዞረውም ምርቃት ጀመሩለት። ቀድመህ ያየህልን፣ ቀድመህ ያስነሳኸን፣ ዕውቀትህን ያብዛው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ሰዉ "አሚን" ይላል።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ነገሩ አልቆለት ነበር። ሰማዩ ተቀዶ ነበር፣ በዱዓ ተሰፋ፤ ማንም አልተሳሳተ፣ ማንም ማንንም አልበደለ። ሬዲዮው ላይም ይህንኑ ቢል አገር ደስ ይለዋል። ወንድምአገኘሁ እጁን እንደ ሰው ሁሉ ዘርግቶ አገኘው። አንዴ "አሚን" አለ። አለው፤ ከአፉ ወጣ። ከዚያ በኋላ በዕድሜው ሁሉ የሚያፍርባት ቃል ያች ናት፤ ከቀዳዳውም ይልቅ።

"ወንድሜ።"

ነጂባ ናት። ከበሩ ሳትወጣ ነው የምትናገረው። "መቼ ነው የተሰፋው? ከፈተናው በፊት ነው በኋላ?"

ተንኮል የለባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እልልታው በርዶ ሰዉ ወደ እሱ ዞረ። "በኋላ" ቢላት ታምነዋለች፤ የአላህ ሥራ ነው ብላ ዓመቱን ትደግማለች።

"አልተቀደደም ነበር ነጂባ" አለ። "መጀመሪያውንም ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ። መሣሪያው ላይ ሰዓት ስሞላ በእኛ አቆጣጠር…"

"እሱን ተወው። አንተ መቼ አወቅህ?"

"ሐሙስ።"

"ትናንት?"

"አይደለም።" ሹራቡን ጭኑ ላይ ጨበጠው። "ከፈተናው በፊት ያለው ሐሙስ።"

የሐጂ መሕሙድ እጅ ቀስ ብሎ ጭናቸው ላይ ወረደ። ራሂማ እንባዋን ሳትጠርግ አየችው። "ቅዳሜ ስደውልልህ ታዲያ…" ብላ ጀመረችና የቀረውን ተወችው።

"አይቼዋለሁ አክስቴ። ሲጠራ እያየሁት ነበር።"

"ሥራ ላይ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ" አለች ራሂማ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል።

ማንም አልተቆጣው። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። አንድ ሰው ሳለ፣ ሌላው ነጠላውን አስተካከለ፣ ቀስ በቀስም ምግቡ ይቅረብ ተባለ፤ እንግዳ ተጠርቶ ሳይበላ አይሸኝም። ነጂባ ባርኔጣዋን ደፍታ ከቤት ወጣች፤ ማስታጠቢያ ይዛለች። ሐጂ መሕሙድን አስታጠበች። ከዚያ ወንድምአገኘሁ ፊት መጥታ ማንቆርቆሪያውን አዘነበለች።

"እጅዎን ይታጠቡ፣ መምህር" አለችው።

አፍ ከፈታች ጀምሮ "እርስዎ" ብላው አታውቅም ነበር።